ካልቸሩ «ሴንሲቲቭ» እያለ ኢንፌክሽኑ ለምን ይመለሳል? የሽንት ቱቦና ባዮፊልም

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «አባቴ 74 ዓመታቸው ነው። የዳሌ አጥንታቸው ተሰብሮ በብረት ሲጠገን ሆስፒታል ውስጥ የሽንት ቱቦ ገባላቸው። ከሆስፒታል ሊወጡ ሲሉ ተነቅሎ ነበር፤ ሽንት አልወርድ ስላላቸው ሌላ ገባ። እሱም አሁን ሰባተኛ ሳምንቱን ይዟል። በዚህ መሀል ሁለት ጊዜ በትኩሳትና በብርድ ብርድ ማለት ታመዋል። በመጀመሪያው ኢ. ኮላይ የተባለ ባክቴሪያ ተገኘ፤ ለሲፕሮፍሎክሳሲን ሴንሲቲቭ (የሚሸነፍ) ስለነበር ሰባት ቀን ወስደው ተሻላቸው፤ በሁለተኛው ሳምንት ተመለሰባቸው። ከዚያ ሴፍትሪያክሶን ተወጉ፤ አሁንም ተሻላቸው። ከትናንት ወዲያ የደረሰን ካልቸር (ባክቴሪያውን አብቅሎ የሚለይ ምርመራ) ደግሞ ክሌብሲየላ የተባለ ሌላ ባክቴሪያ ይላል፤ ከሜሮፔነምና ከአሚካሲን በቀር ለሁሉም አንቲባዮቲክ ሬዚስታንት (የማይሸነፍ) ነው። አሁን ትኩሳት የላቸውም፣ ምግብም ይበላሉ፤ ሽንቱ ግን ደፍርሷል፣ ሽታ አለው። ሰውነታቸው መድኃኒቱን ለምዶት ነው? ሜሮፔነም እንዲጀመርላቸው ልወትውት? ወይስ በትንሽ ዶዝ በየቀኑ የሚወሰድ መከላከያ ይሻላል?»

ዛሬ ባሉበት ሁኔታ ሜሮፔነም አያስፈልጋቸውም። የሚያስፈልጋቸው ሰባት ሳምንት የቆየው ቱቦ መውጣቱ ነው፤ ከተቻለ ለአንዴና ለሁልጊዜ፣ ካልተቻለ በአዲስ ተተክቶ። እስካሁን የተቀያየረው መድኃኒቱ ብቻ ነው። ባክቴሪያው የሰፈረበት ዕቃ ግን ከመጀመሪያው ትኩሳት ጀምሮ እዚያው አለ።

በመጀመሪያ ሰውነት አንቲባዮቲክ አይለምድም። የሚላመደው ባክቴሪያው ነው። ይህን መለየት ለእርስዎ ውሳኔ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም «ሰውነቴ ለምዶታል» የሚል ሰው ሁልጊዜ የሚጠይቀው ሌላ፣ ጠንከር ያለ መድኃኒት ነው። በአባትዎ ላይ የሆነው ደግሞ ያው ባክቴሪያ ቀስ በቀስ እየጠነከረ መሄዱ እንኳ አይደለም። መጀመሪያ ኢ. ኮላይ ነበር፣ አሁን ክሌብሲየላ ነው፤ ሁለቱ የተለያዩ ዝርያዎች ናቸው። ሲፕሮፍሎክሳሲንና ሴፍትሪያክሶን በአንጀት ውስጥ የሚኖሩትን ደካሞች ጠርገው፣ ቀድሞውኑ የተላመዱትን አስቀሩ። ከአንጀት ወደ ፊንጢጣ አካባቢ ቆዳ፣ ከቆዳው ወደ ቱቦው ያለው ርቀት ጥቂት ሴንቲ ሜትር ነው። ሆስፒታል ውስጥ ደግሞ ይኸው ዓይነት ባክቴሪያ በሠራተኞች እጅና በዕቃዎች ከአንዱ ታካሚ ወደ ሌላው ይሸጋገራል፤ ስለዚህ ክሌብሲየላው እዚያ ተይዞ በአንጀታቸው ቆይቶ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ላብራቶሪው ወረቀት እንምጣ፤ ብዙው ስህተት የሚሠራው እዚህ ላይ ነውና። የሴንሲቲቪቲ ምርመራ ሲሠራ ከኮሎኒው (በካልቸሩ ላይ ከበቀለው ክምር) የተወሰደው ባክቴሪያ በጨው ውኃ ተበጥብጦ ድፍርስነቱ ለሁሉም ናሙና እኩል እንዲሆን ይስተካከላል፤ ይህም በአንድ ሚሊ ሊትር 150 ሚሊዮን ገደማ ባክቴሪያ ማለት ነው። ከዚያ ሙለር ሂንተን በተባለ ምግብ ላይ ይቀባል፣ መድኃኒት የተነከሩ ክብ ወረቀቶች ይቀመጡበታል፣ 35 ዲግሪ አካባቢ ከ16 እስከ 18 ሰዓት ያድራል። በወረቀቱ ዙሪያ ባክቴሪያ ያልበቀለበት ክብ በሚሊ ሜትር ይለካና ከተወሰነው መለያ ጋር ይነጻጸራል። እዚህ ላይ የተፈተነው ትኩስ፣ በደንብ የተመገበ፣ በፍጥነት የሚራባ ባክቴሪያ ነው። በቱቦ ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ሳምንታት የኖረው አልተፈተነም። ወረቀቱ ላይ «ሴንሲቲቭ» ሲል «በተለመደው መጠን ከተሰጠ በደምና በሕብረ ሕዋስ ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ ሊያሸንፍ ይችላል» ማለቱ ነው፤ ከቱቦው ላይ ያነሳዋል አላለም።

ከዚሁ ሳልወጣ ሌሎች ሁለት የንባብ ስህተቶችን ላንሳ። የአንዱ መድኃኒት ክብ 28 ሚሊ ሜትር፣ የሌላው 19 ስለሆነ የመጀመሪያው ይበልጣል ማለት አይቻልም፤ የየመድኃኒቱ መለያ ቁጥር የተለያየ ነው፣ መድኃኒቶቹም በምግቡ ውስጥ የሚሰራጩበት ፍጥነት አንድ አይደለም። «ኢንተርሚዲየት» የሚለው ደግሞ በብዙዎች ዘንድ «ግማሽ ልብ ያለው መድኃኒት» ተደርጎ ይታያል። የአውሮፓው የመመዘኛ ኮሚቴ ከ2019 ጀምሮ ትርጉሙን «መድኃኒቱ በከፍተኛ መጠን ከተሰጠ ይሠራል» ወደሚል ለውጦታል። ሐኪሙ የትኛውን መመዘኛ ላብራቶሪው እንደሚጠቀም ሳያውቅ ወረቀቱን ቢያነብ የሚሠራ መድኃኒት ይጥላል፣ ወይም በአነስተኛ መጠን ያዛል።

ባዮፊልም የምንለው ባክቴሪያዎች ገጽታ ላይ ተጣብቀው ራሳቸው በሚያመነጩት ልጋግ ውስጥ የሚመሠርቱት ሰፈር ነው። ውኃ ለረጅም ጊዜ የቆመበትን ዕቃ ውስጠኛ ግድግዳ በጣት ሲነኩ የሚያሟልጨው ነገር የዚሁ ዓይነት ነው። ቱቦው ፊኛ ውስጥ በገባ በሰዓታት ውስጥ የሽንት ፕሮቲንና ጨው ገጽታውን ይሸፍነዋል። ባክቴሪያው የሚይዘው ፕላስቲኩን ሳይሆን ይህን ሽፋን ነው፤ ለዚህም ነው ልሙጥ ቱቦ መግዛት ብቻውን የማያድነው። መጀመሪያ ላላ ብሎ ይነካል፣ በዚህ ደረጃ ሽንቱ አጥቦ ሊወስደው ይችላል። ከዚያ አጥብቆ ይይዛል፣ ይራባል፣ ከስኳር ሰንሰለት፣ ከፕሮቲንና ከሞቱ ባክቴሪያዎች ከፈሰሰ ዲ.ኤን.ኤ የተሠራ ልጋግ ያለብሳል። ቁጥራቸው ሲበዛ በኬሚካል ምልክት እየተነጋገሩ የሚያመርቱትን ይለውጣሉ። ሰፈሩ ሲጎለምስ ከፊሎቹ ተነቅለው በሽንቱ ይበተናሉ። ትኩሳት የሚያመጡት ብዙውን ጊዜ እነዚህ የተበተኑት ናቸው።

ባክቴሪያው ወደ ፊኛ የሚደርስባቸው መንገዶች ሁለት ናቸው። አንደኛው በቱቦው ውጪ፣ በቱቦውና በሽንት መውጫው ሥጋ መካከል ነው። ሁለተኛው በውስጥ በኩል ነው፤ ከረጢቱ ሲገለበጥ፣ መጋጠሚያው ሲፈታ ወይም መክፈቻው በቆሸሸ ዕቃ ሲነካ የገባው ወደ ላይ ይወጣል። ቱቦ ያለበት ሰው በየቀኑ ከ3 እስከ 7 በመቶ በሚሆን ዕድል ሽንቱ ውስጥ ባክቴሪያ ይገኝበታል፤ ወር ሲሞላው ሁሉም ማለት ይቻላል ይኖረዋል። ስለዚህ በሰባተኛው ሳምንት ሽንት ተልኮ ባክቴሪያ ባይበቅል ነበር የሚያስገርመው።

መድኃኒቱ እዚያ ለምን አይሠራም? ብዙ ሰው «ልጋጉ ስለማያሳልፈው» ይላል። ይህ በከፊል ብቻ እውነት ነው። አሚካሲንና ጄንታማይሲን ፖዘቲቭ ቻርጅ ስላላቸው ከልጋጉ ጋር ተያይዘው ይዘገያሉ፤ ሲፕሮፍሎክሳሲን ግን በደንብ ሰርጎ ይገባል፣ ይሁንና ሁሉንም አይገድልም። ዋናው ምክንያት ከታች ያሉት ባክቴሪያዎች ምግብና ኦክስጅን ስለሚያጥራቸው ሥራቸውን ማቀዝቀዛቸው ነው። ፔኒሲሊን፣ ሴፍትሪያክሶንና ሜሮፔነም የሚገድሉት የራሱን የሴል ግድግዳ እየገነባ ያለ ባክቴሪያ ነው፤ የማይገነባውን የሚያጠቁበት ቦታ የላቸውም። ከእነዚህም መካከል ጥቂቶች ጭራሽ እንቅልፍ ውስጥ ይገባሉ። ጆሴፍ ቢገር የተባለው ሐኪም በ1944 ፔኒሲሊን ስታፊሎኮከስ የተባለውን ባክቴሪያ ሙሉ በሙሉ እንደማያጠፋ አስተውሎ የተረፉትን «ፐርሲስተር» ብሏቸዋል፤ እነዚህ እንደገና ሲራቡ ዘሮቻቸው እንደ ወላጆቻቸው ለፔኒሲሊን የሚሸነፉ ነበሩ። ጂናቸው አልተለወጠም፣ ጊዜ ነው የገዙት።

የእርስዎ ጥያቄ እዚህ ላይ ይፈታል። የመጀመሪያው ኢንፌክሽን ሲፕሮፍሎክሳሲን ተወስዶ የተመለሰው ባክቴሪያው ሬዚስታንት ስለሆነ ሳይሆን በቱቦው ላይ ታግሶ ስላለፈ ነው ብሎ መገመት ተገቢ ነው። መድኃኒቱ በሽንትና በደም የነበረውን ገደለ፣ ትኩሳቱ ጠፋ፤ ሰባቱ ቀን አልቆ መድኃኒቱ ከሰውነት ሲወጣ ሰፈሩ እንደገና በተነ። በባዮፊልም ውስጥ ያለን ባክቴሪያ ለመግደል የሚያስፈልገው መጠን በነጻ ከሚንሳፈፈው ከ100 እስከ 1,000 ጊዜ ሊበልጥ ይችላል። ያን ያህል ለሰው አይሰጥም። ኩላሊቱና ጆሮው አስቀድመው ይጎዳሉ።

መታገሥና መላመድ የተለያዩ ቢሆኑም አንዱ ሌላውን ይወልዳል። በልጋጉ ውስጥ መድኃኒቱ ከላይ ብዙ፣ ከታች ጥቂት ሆኖ ይደርሳል፤ ለመግደል የማይበቃ መጠን ደግሞ የተላመደውን ለመምረጥ ይበቃል። ባክቴሪያዎቹ ተጠጋግተው ስለሚኖሩ የመላመድ ጂን የተሸከሙ ፕላስሚዶችን (ትናንሽ የዲ.ኤን.ኤ ቀለበቶችን) ይቀባበላሉ፤ የተለያየ ዝርያ መሆናቸውም ሁልጊዜ አያግዳቸውም። በ2005 የታተመ የላብራቶሪ ሥራ ከዚህ የከፋ ነገር አሳይቷል፤ ለመግደል የማይበቃ ቶብራማይሲን የተባለ አንቲባዮቲክ ሲሰጣቸው ሱዶሞናስና ኢ. ኮላይ የተባሉት ባክቴሪያዎች ባዮፊልማቸውን ጨመሩ። ቱቦውን ሳይነኩ መድኃኒት ደጋግሞ መስጠት ማለት በሰው ሰውነት ውስጥ የመላመድ ማሠልጠኛ መክፈት ነው።

የክሌብሲየላው ውጤት መልክም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ሴፍትሪያክሶንን ጨምሮ ሰፊውን የሴፋሎስፖሪን ቡድን የሚቆርጥ ኢንዛይም፣ ባለሙያዎች «ኢ.ኤስ.ቢ.ኤል» የሚሉት፣ ያለው ይመስላል። ይህን ኢንዛይም የሚሸከመው ፕላስሚድ ብዙ ጊዜ ለጄንታማይሲንና ለኮትሪሞክሳዞል የሚያላምዱ ጂኖችንም አብሮ ይዞ ይዞራል፤ ለሲፕሮፍሎክሳሲን መላመድም አብሮ መገኘቱ የተለመደ ነው። ስለዚህ አንዱን መድኃኒት መውሰድ ሌሎቹን ሁሉ ያልነኩትን ጭምር ያሳጣል። ከአሚካሲን ሌላ የቀራቸው ሜሮፔነም ነው፤ እሱን የሚቆርጡ ኢንዛይሞችም አሉ። ዛሬ ለደፈረሰ ሽንት ብለን ካጠፋነው፣ ነገ ባክቴሪያው ደም ውስጥ ቢገባ በእጃችን የሚቀረው ጥቂት፣ ውድና ኩላሊት የሚጎዳ ነው።

«ታዲያ ባክቴሪያ እየታየ ዝም ይባላል?» አዎ፣ ምልክት ከሌለ ዝም ይባላል። መደፍረስ፣ ሽታ፣ በማይክሮስኮፕ የታዩ ፐስ (የመግል) ሴሎች፣ በካልቸር የበቀለ ባክቴሪያ፣ እነዚህ ሁሉ ቱቦ ባለበት ሰው የቱቦው መኖር ምልክቶች ናቸው። ሕመም ነው የሚያሰኘው ሌላ ምክንያት ያልተገኘለት ትኩሳት፣ ማንቀጥቀጥ፣ በጎን በኩል ኩላሊት ላይ ሕመም፣ ከእምብርት በታች ሕመም፣ በሽንት አዲስ ደም መታየት፣ የደም ግፊት መውረድ ነው። ምልክት ሳይኖር ባክቴሪያው ብቻ የሚታከመው በእርግዝና ጊዜ እና የሽንት መስመርን የሚያደማ የዩሮሎጂ ሥራ ከመሠራቱ በፊት ነው። በአረጋውያን ላይ ድንገተኛ መወናበድ ሲመጣ ሁሉም ሽንቱን ይጠረጥራል፤ ትኩሳትና ሌላ ምልክት ከሌለ ግን መጀመሪያ የውኃ ጥም፣ የሆድ ድርቀት፣ አዲስ የተጀመረ የሕመም ማስታገሻ፣ ያልታከመ ሕመም፣ የተዘጋ ቱቦ ይታዩ። ምልክት የሌለው ሰው ሽንት ለካልቸር ባይላክ ይሻላል፤ ወረቀቱ ከመጣ በኋላ መድኃኒት አለማዘዝ ለማንም ይከብዳል።

ትኩሳት ከተመለሰ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ቱቦው ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት ይቀየራል፤ ለካልቸር የሚላከው ሽንትም ከአዲሱ ቱቦ የወጣው ነው። ከአሮጌው ቱቦ የተወሰደ ናሙና በግድግዳው ላይ የሰፈሩትን ሁሉ ይቆጥራል፤ ከፊኛ ውስጥ ያለው የትኛው እንደሆነ አይለይም። ከከረጢቱ መውሰድማ ጨርሶ አይሆንም፣ እዚያ ለሰዓታት ሲራባ የቆየ ነው። ቱቦው የናሙና መውሰጃ ጎማ ካለው በአልኮል ተጠርጎ፣ ደርቆ፣ በንጹሕ ሲሪንጅ ይቀዳል። ናሙናው በሁለት ሰዓት ውስጥ ላብራቶሪ ካልደረሰ 4 ዲግሪ አካባቢ ባለ ፍሪጅ ይቀመጣል፤ በክፍል ሙቀት የቆየ ሽንት የውሸት ውጤት ይሰጣል። ማንቀጥቀጥ ካለ የደም ካልቸር ከሁለት የተለያዩ ቦታዎች ይወሰዳል። ግፊታቸው ከወረደ ወይም ራሳቸውን ከሳቱ ግን ቱቦ እስኪቀየር ተብሎ መድኃኒት አይዘገይም፤ ሁለቱም ጎን ለጎን ይሄዳሉ።

የመድኃኒቱ ምርጫ ያን ጊዜ በካልቸሩ ይመራል፤ ሜሮፔነምም ቦታው ያኔ ነው። አሚካሲን በቀን አንዴ የሚሰጥ ጥሩ አማራጭ ሊሆን ይችላል፤ በ74 ዓመት ዕድሜ ግን ክሪያቲኒን (የኩላሊትን አሠራር የሚያሳይ የደም ምርመራ) ሳይለካ አይጀመርም፣ እየተሰጠም ይለካል። ናይትሮፉራንቶይን ትኩሳት ላለበት ሰው አይሆንም፤ በሽንት ውስጥ እንጂ በኩላሊት ሥጋና በደም ውስጥ በቂ መጠን አይደርስም። ቱቦው ተቀይሮ በቶሎ ከተሻላቸው ሰባት ቀን ይበቃል፤ ምላሹ ከዘገየ ከ10 እስከ 14 ቀን ነው። በ72 ሰዓት ትኩሳቱ ካልወረደ መድኃኒት ከመለወጥ በፊት በአልትራሳውንድ መዘጋት፣ ጠጠር፣ መግል ያለበት ፕሮስቴት ወይም ኩላሊት አለመኖሩ ይታይ። ሕክምናው ካለቀ በኋላ ምልክት ከሌለ «ጠርቶ እንደሆነ ለማየት» ተብሎ ድጋሚ ካልቸር አይላክም።

ቱቦ መቀየር ቀላል ሥራ ነው፣ ግን ስህተቶቹ ውድ ናቸው። ለወንድ ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 16 ቁጥር ይበቃል፤ ወፍራም ቱቦ የሽንት መውጫውን ያቆስላል እንጂ የተሻለ አያፈስም። ማለስለሻ ጄል 10 ሚሊ ሊትር ገደማ በሽንት መውጫው ውስጥ ይገባል፣ ጥቂት ደቂቃ ይጠበቃል። ቱቦው እስከ መንታው (ለሁለት እስከሚከፈልበት ቦታ) ድረስ ገብቶ ሽንት መውረዱ ሳይታይ ፊኛው ውስጥ የሚነፋው ባሉን አይሞላም፤ ባሉኑ በሽንት መውጫው ውስጥ ከተነፋ መውጫውን ይቀድዳል፣ ያደማል፣ ጠባሳ ያመጣል። ባሉኑ የሚሞላው ከጀርም በጸዳ (ስቴራይል) ውኃ ነው፣ በጨው ውኃ ከተሞላ ጨው ሊቋጥርና ማውጣቱን ሊያስቸግር ይችላል። በቴፍሎን የተለበጠ ላቴክስ ቱቦ እስከ 28 ቀን፣ ሙሉ ሲሊኮን እስከ 12 ሳምንት እንዲቆይ የተሠራ ነው፤ የአባትዎ የትኛው እንደሆነ ማሸጊያው ላይ ተጽፏል። ቱቦው ከቀኑ ቀድሞ ከተዘጋና ሲወጣ ጫፉ ላይ እንደ አሸዋ የሚሻክር ቅርፊት ከታየ ፕሮቲየስ ይጠረጠር። ይህ ባክቴሪያ ዩሪያን ሰብሮ አሞኒያ ያመነጫል፣ ሽንቱ አልካሊ ይሆናል፣ ማግኒዚየምና ካልሲየም በባዮፊልሙ ላይ ይቋጥራሉ። ያን ጊዜ ቱቦው ብቻ ተቀይሮ አይበቃም፤ ፊኛ ውስጥ ጠጠር መኖሩ ይታያል።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ግን ቱቦው እስካሁን ለምን ያስፈልጋቸዋል የሚለው ነው። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ሽንት አልወርድ ማለት በአብዛኛው ጊዜያዊ ነው፤ መተኛት፣ የሆድ ድርቀት፣ ኦፒዮይድ (እንደ ሞርፊን ያለ) ማስታገሻ፣ እንደ አሚትሪፕቲሊን ያሉ የድብርት መድኃኒቶችና የቆዩት የአለርጂ መድኃኒቶች ያባብሱታል። በሰባት ሳምንት ውስጥ ብዙዎቹ ተለውጠዋል። ፕሮስቴታቸው ከተለቀ ሐኪሙ ታምሱሎሲን (የፕሮስቴትን ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒት) ጀምሮላቸው ከጥቂት ቀናት በኋላ ቱቦውን በጠዋት ነቅሎ ሊሞክር ይችላል፤ ይህ መድኃኒት ከተቀመጡበት ሲነሱ ግፊት ይጥላልና፣ ዳሌው ገና እየጠገነ ላለ ሰው ዳግም መውደቅ እንዳያመጣ ቀስ ብለው መነሣት አለባቸው። ከሽንት በኋላ በፊኛ የቀረው መጠን በአልትራሳውንድ ይለካል። ባይሳካ እንኳ በቀን ከ4 እስከ 6 ጊዜ ቱቦ አስገብቶ ወዲያው የማውጣት ዘዴ አለ፤ ፊኛው ከ500 ሚሊ ሊትር በላይ እንዳይሞላ ከተያዘ፣ ቋሚ ቱቦ የሌለበት ፊኛ ባዮፊልም የሚሰፍርበት ፕላስቲክ የለውም። እኔ ቦታዎ ብሆን ሐኪሙን ስለ ሜሮፔነም ሳይሆን ስለዚህ ነበር የምወተውተው።

በትንሽ ዶዝ በየቀኑ የሚወሰድ መከላከያ፣ አይሆንም። ቱቦው እስካለ ባክቴሪያውን አያጠፋውም፣ ይመርጠዋል እንጂ። ቱቦ በተቀየረ ቁጥር አንቲባዮቲክ መስጠትም እንደ ልማድ አይመከርም። ፊኛውን በአንቲባዮቲክ ወይም በአንቲሴፕቲክ ማጠብ ዝግ ሆኖ መቆየት ያለበትን መስመር ደጋግሞ መክፈት ነው፤ ጉዳቱ ከጥቅሙ ይበልጣል። ብር የተቀባ ቱቦ ልግዛ ካሉ፣ በ2012 በእንግሊዝ የታተመ ከ7,000 በላይ ታካሚዎች የተሳተፉበት ጥናት ለአጭር ጊዜ በገቡ ቱቦዎች ላይ ፈትኖት ብሩ ምልክት ያለው ኢንፌክሽንን አልቀነሰም። ባዮፊልምን የሚያፈርሱ ኢንዛይሞችና ፋጆች (ባክቴሪያን የሚያጠቁ ቫይረሶች) እየተጠኑ ነው፤ ለአባትዎ ዛሬ የሚታዘዝ ግን ከእነሱ ውስጥ የለም።

ቱቦው እስኪወጣ ድረስ ከረጢቱ ምንጊዜም ከፊኛ በታች ይሁን፣ መሬት ግን አይንካ፤ ወደ አልጋ ሲያነሷቸው ከረጢቱ ሆዳቸው ላይ ከተቀመጠ ሽንቱ ይመለሳል። ግማሽ ወይም ሁለት ሦስተኛ ሲሞላ ይገለበጥ፣ መክፈቻው የመቀበያውን ዕቃ አይንካ። ቱቦው ጭን ላይ ይታሰር፣ የሚጎተት ቱቦ ያቆስላል። ቱቦውና ከረጢቱ የሚገናኙበት ቦታ አይፈታ። የሽንት መውጫው በቀን አንዴ በሳሙናና በውኃ ይታጠብ፤ አዮዲንና ክሬም አያስፈልግም።

ስለ ዳሌው ብረት አልጠየቁም፣ ግን መነገር አለበት። ባዮፊልም በብረትም ላይ ይሠራል፤ እዚያ ሲሆን ደግሞ ከሽንት ቱቦው እጅግ የከፋ ነው፣ እንደ ቱቦ ተስቦ አይወጣምና። የቀዶ ሕክምናው ቁስል ፈሳሽ ካለው፣ ቀስ በቀስ ይሻለው የነበረው የዳሌ ሕመም ከተመለሰ ወይም ትኩሳት መጥቶ በሽንቱ ውስጥ ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ ከተገኘ፣ «የሽንት ኢንፌክሽን ነው» ተብሎ አይታለፍ። ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ በሽንት ሲገኝ ከደም የመጣ ሊሆን ይችላል። ቶሎ የተደረሰበት የብረት ኢንፌክሽን ብረቱ ሳይወጣ ታጥቦ ሊድን የሚችልበት ጊዜ በሳምንታት የሚቆጠር ነው። ለሽንት ተብሎ በግምት የተሰጠ አንቲባዮቲክ ደግሞ ትኩሳቱን ደብቆ ያንን ጊዜ ይበላዋል፣ ከቁስሉ የሚወሰደውን ካልቸርም ባዶ ያደርገዋል። ሪፋምፒሲን ለብረት ላይ ስታፊሎኮከስ ዋጋ ያለው መድኃኒት ነው፤ ብቻውን ከተሰጠ ግን አንድ ሚውቴሽን ይበቃውና በቀናት ውስጥ ይላመደዋል። በአጥንት ሐኪሙ እጅ፣ ከሌላ መድኃኒት ጋር ተጣምሮ እንጂ ከፋርማሲ የሚጀመር አይደለም።

ክሌብሲየላው ለቤተሰብ ያሰጋል ወይ የሚለው መነሳቱ አይቀርም። ጤነኛ ሰው ከእሱ ጋር በመኖሩ፣ አብሮ በመብላቱ አይታመምም፤ በአንጀቱ ይዞት ሊሄድ ግን ይችላል። ከረጢቱን የሚገለብጥ ሰው ጓንት ያድርግ፣ ጓንቱን ካወለቀ በኋላ እጁን ይታጠብ፤ ጓንት እጅ መታጠብን አይተካም። አባትዎ ለሌላ ምክንያት ሆስፒታል ቢገቡ የካልቸሩን ወረቀት ይዛችሁ ሂዱና ገና ሲገቡ ለተረኛው አሳዩ። ለብቻቸው የሚተኙበትን ቦታ የሚወስነው፣ ከቀዶ ሕክምና በፊት የሚሰጣቸውን አንቲባዮቲክ የሚያስቀይረው፣ ድንገት በትኩሳት ቢወድቁ የመጀመሪያውን መርፌ የሚያስመርጠውም ያ ወረቀት ነው።